ሰክተህ ሄድክ እንጂ መቼ አገናኘህ?

«እማ፣ ስንት ጊዜ ነው የማሳይሽ?» አላት ልጇ፣ ሪሞቱን ከእጇ ላይ ላፍ አድርጎ።

«እስክችል ድረስ ነዋ! ፊደል ሳስቆጥርህ ‹ሀ› ላይ ስንት ወር እንደከረምክ ረሳኸው? ያኔ ጥዬህ ሄድኩ?»

ልጁ ኩም አለ። ይበለው። የዛሬው ተረብ ለእሱና ለመሰሎቹ ነው፤ በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል ከቤት ቤት እየዞሩ ቴሌቪዥኑን ከኢንተርኔት የሚያገናኙትን ሮኩና ፋየር ስቲክ ለሚሰኩልን፣ ሰክተውም «በቃ፣ ሠርቷል» ብለው ጫማቸውን ለሚያጠልቁ ጎበዞች። ለእናንተ ሠርቷል። እናንተ ስትወጡስ?

ጎበዙ መልስ አያጣም። «በስልክ አስረዳቸዋለሁ» ይላል። ወንድሜ፣ ስልክህን የምታነሳው በስንተኛው ጥሪ ነው? ሥራ ላይ ነህ፣ ሃይዌይ ላይ ነህ፣ የሌሊት ፈረቃ አድረህ ተኝተሃል። እናትህ ደግሞ «ልጄን አላስቸግርም» ብላ ጥቁር ስክሪን እያየች ትቀመጣለች። ያልደወለችልህ ገብቷት መስሎህ ነው? አዝናልህ ነው።

«ቴሌቪዥን ባያዩስ ምን ይቀርባቸዋል?» የሚልም አለ። እንዲህ የሚለው ሰው ቤት ውስጥ ከርሞ አያውቅም። በጥር ወር ብርዱ ከዜሮ ፋራናይት በታች ሲወርድ፣ አንዲት የሰባ ዓመት እናት ከሪቨርሳይድ ፕላዛ ወርዳ የት ትሄዳለች? እነዚያ ሴዳር ሪቨርሳይድ ያሉ ባለ ቀለም ፓነል ፎቆች ራልፍ ራፕሰን የነደፋቸው፣ በ1973 የተከፈቱ ናቸው (ዓመተ ምሕረት ካላልኩ ቁጥሩ የፈረንጅ ነው)። ረጅሙ 39 ፎቅ አለው፤ ዛሬ ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣ ሰው በብዛት ይኖርባቸዋል። ከላይኛው ፎቅ መስኮት ሰማይ ይታያል፤ ሰው አይታይም። ጎረቤቷ ሶማሊኛ ይናገራል፣ የልጅ ልጇ እንግሊዝኛ። አማርኛው ያለው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ነው። ምን ይቀርባቸዋል ላልከው፣ ቋንቋቸው ይቀርባቸዋል።

«ስልክ አላቸው አይደል እንዴ?» አንተ የቫይኪንጎችን ጨዋታ በስልክ ታያለህ? ለኳስ ያነሰ ስክሪን ለቅዳሴ እንዴት በቃ? በ2020 በኮሮና ሳቢያ የሚኒሶታ ገዥ ቲም ዋልዝ ከቤት አትውጡ ያሉበት ትእዛዝ ከማርች 27 ሌሊት እስከ ሜይ 17 ቆየ። ሚያዝያ 11 ቀን 2012 ዓ.ም. የዋለው ፋሲካ መሀሉ ላይ ወደቀ። ስንቱ ነው ስልኩን በስኳር ዕቃ አስደግፎ ስቅለትን የሰገደ! ግድግዳው ላይ ትልቅ ቴሌቪዥን ጠፍቶ ተሰቅሏል፣ ሽማግሌው ደግሞ መነጽራቸውን አውልቀው ስልኩን ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ። የጎደለው ስንዝር የማይሞላ ዕቃና ቁጭ ብሎ የሚያስረዳ አንድ ሰው ነበር።

አባቶችም ከተረቤ አያመልጡም። «ድሮ በዲሽ ጊዜ ይሻለን ነበር» ይላሉ። አባባ፣ እርስዎን አከብራለሁ፤ ዲሹን ግን አላከብርም። የአገር ቤት ቻናሎች እዚህ ይያዙ የነበሩት ከጋላክሲ 19 ሳተላይት ነው። ሳተላይቱ 97 ዲግሪ ምዕራብ ላይ ቆሟል፤ ከሚኒያፖሊስ ሲፈለግ ያለው ወደ ደቡብ ነው፣ ትንሽ ብቻ ወደ ምዕራብ ያዘነብላል። በረንዳው ወደ ሰሜን የዞረበት ተከራይ ምን ያድርግ? የፌዴራሉ የመገናኛ ኮሚሽን በ1996 ያወጣው፣ በ1999 ደግሞ ለተከራዮች ያሰፋው ደንብ ተከራይ በራሱ በረንዳ ላይ እስከ አንድ ሜትር የሚደርስ ዲሽ እንዲሰቅል ይፈቅድለታል። ደንቡ ግን ፎቁን አያዞርለትም። ወደ ደቡብ የዞረለትም ቢሆን በረዶ በጣለ ቁጥር መጥረጊያ ይዞ ይወጣ ነበር። ዜናው እስኪመለስ ጉንፋኑ ይቀድመዋል። ስቲኩ በረንዳ አይጠይቅዎትም። የሚጠይቀው ቀዳዳ፣ መብራትና ኢንተርኔት ነው።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ፤ «ኖ ሲግናል» ወደሚለው።

«ተበላሽቷል፣ ኖ ሲግናል ይላል!» አልተበላሸም። ቴሌቪዥኑ እውነቱን እየነገረህ ነው፤ በዚህ በር የመጣ የለም እያለህ ነው። ጀርባውን እይ። ኤችዲኤምአይ 1፣ 2፣ 3 ተብለው የተጻፉ ቀዳዳዎች አሉ። ስቲኩን 2 ላይ ሰክተህ 1 ላይ ብታፈጥ እስከ ትንሣኤ ሙታን ኖ ሲግናል ነው። ሪሞቱ ላይ «ኢንፑት» ወይም «ሶርስ» የሚለውን ተጫንና ቁጥሩን አስማማ። ይህን ለእናትህ ስትነግራት ደግሞ «ኢንፑቱን ቀይሪው» ብለህ አትለፍ፤ ስቲኩ የገባበትን ቁጥር በትልቁ በአማርኛ ጽፈህ የቴሌቪዥኑ ጠርዝ ላይ ለጥፍላት። «ሁለት ቁጥር» የሚል ወረቀት ከአንተ ሦስት የስልክ ጥሪ ይበልጣል።

«እምቢ አለኝ፣ አይገባም» ትላለህ፣ ቴሌቪዥኑን ከግድግዳው ፈልቅቀህ እጅህን በጨለማ ከጀርባው እየሰደድክ። እምቢ ያለህ እንዳትሰብረው ነው። የኤችዲኤምአይ አፍ በአንድ በኩል ሰፋ፣ በሌላው በኩል ጥግ ጥጉ ገባ ብሎ ጠበብ ያለ ነው፤ ተገልብጦ አይገባም። ውስጡ 19 ቀጫጭን እግሮች አሉ፣ አንዷ ብትጣመም ምስሉን ትረሳዋለህ። የስልክህን ባትሪ አብራ፣ አፉን ከአፉ አስማማ፣ ያኔ ያለ ጉልበት ይገባል። ቴሌቪዥኑ ግድግዳው ላይ ተጣብቆ ስቲኩ አልዞር ካለ አጭር ማራዘሚያ አለው፤ ብዙዎቹ የፋየር ስቲክ ካርቶኖች ውስጥ ተቀምጦ ይመጣል። «ባዶ ካርቶን ነው» ብለህ ስትጥል አብረህ የጣልከው እሱን ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሰፈራችን ጠያቂ «ኤችዲኤምአዩ ራሱ መብራት ይሰጠው የለም?» አለኝ። አይሰጠውም። ይህ መሰኪያ በ2002 መጨረሻ ሂታቺ፣ ሶኒ፣ ፓናሶኒክ፣ ፊሊፕስ፣ ቶሺባ፣ ቶምሰንና ሲሊከን ኢሜጅ ሆነው ያወጡት ነው፤ ቢጫውን፣ ቀዩንና ነጩን ገመድ ለይቶ መሰካት ቀርቶ ምስልና ድምፅ በአንድ መስመር እንዲሄድ። ስቲኩን ለማስነሳት የሚበቃ ኃይል ግን በእሱ አይመጣም። ሁለተኛው ቀጭን ገመድ የተሰጠህ ለዚህ ነው።

«እሱንማ ቴሌቪዥኑ ዩኤስቢ ላይ ሰካሁት፤ ግድግዳው ላይ ሽቦ ሲንጠለጠል ያስጠላል።» ያስጠላል? እናትህ ቅዳሴው መሀል ላይ ስክሪኑ ሲጠፋባትስ ምን ይባላል? ብዙ ቴሌቪዥኖች በዩኤስቢያቸው የሚሰጡት ግማሽ አምፔር ነው። ስቲኩ ያንሰዋል፤ ሲያንሰው ራሱን አጥፍቶ ይነሳል። በዚያ ላይ ብዙ ቴሌቪዥን ሲጠፋ ዩኤስቢውም አብሮ ይጠፋል፤ በማግስቱ ስትከፍተው ስቲኩ ከዜሮ ይጀምርና እስኪነሳ ድረስ ጥቁር ስክሪን ታያለች። የግድግዳ ቻርጀር ላይ ሰካው። ሽቦ ቢንጠለጠል የሞተ ሰው የለም።

ሐምራዊ ስክሪን መጥቶ «ኤችዲሲፒ» የሚል ጽሑፍ ከወጣ ደግሞ ሮኩውን አትርገመው። ኤችዲሲፒ ኢንቴል የሠራው የቅጂ መከላከያ ነው፤ ዕቃውና ቴሌቪዥኑ ተማምነው ካልተጨባበጡ ፊልሙን አያሳልፍም። ሁለቱንም አጥፋ፣ ገመዱን በሁለቱም ጫፍ ነቅለህ መልስ፣ ካልሆነ ሌላ ቀዳዳ ሞክር። አብዛኛውን ጊዜ ይታረቃሉ።

ኤችዲኤምአይ የሌለው አሮጌ ቴሌቪዥን ያላቸውም አሉ። «መቀየሪያ ገዛሁ፣ አይሠራም» ይላሉ። መቀየሪያው ላይ የተጻፈውን አንብበሃል? «ኤችዲኤምአይ ወደ ኤቪ» እና «ኤቪ ወደ ኤችዲኤምአይ» ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ናቸው፤ መንገዳቸው ተቃራኒ ነው። አንተ የምትፈልገው የመጀመሪያውን ነው።

ስለ ገመድ ከተነሳ ሻጩንም ልክ ልኩን ልንገረው። «ውዱን ኤችዲኤምአይ ውሰድ፣ ምስሉ ይጠራልሃል» ብሎ ለአንድ ጡረተኛ ሲሸጥ ሰምቻለሁ። ስማ ወንድም፣ የሚሄደው ዲጂታል ነው፤ ወይ ይደርሳል፣ ወይ ይቆራረጣል። በሁለት ሜትር ርቀት «ፕሪሚየም ሃይ ስፒድ» የሚል ማረጋገጫ ያለው ተራ ገመድ 4ኬ ምስልን ያለ ጭንቅ ያደርሳል። ወርቅ የተቀባው ጫፍ የቄሱን ድምፅ አያጣፍጠውም። ስቲክ የገዛ ሰውማ ጭራሽ የኤችዲኤምአይ ገመድ አይፈልግም፣ ራሱ ነው የሚሰካው። ለጡረተኛው የተሸጠለት ለምንም የማይሆን ነው፤ ይህ ነውር ነው፣ ነውርም እለዋለሁ።

«እኛ ሐበሾች ከዚህ ነገር ጋር አልተፈጠርንም» የሚለውን ወሬ አልወደውም። የምንኖርበት ከተማ ምን እንደሆነ እንወቅ። ቤስት ባይ የተጀመረው እዚሁ ሴንት ፖል ውስጥ በ1966 ነው፤ ሪቻርድ ሹልዝ የከፈተው የስቴሪዮ መደብር ሲሆን ስሙም «ሳውንድ ኦፍ ሚዩዚክ» ነበር። በ1981 ሮዝቪል ያለውን መደብራቸውን አውሎ ነፋስ መታው፣ የተረፈውን ዕቃ በቅናሽ ቸበቸቡት፤ በ1983 ቤስት ባይ ተባለ። ዋና መሥሪያ ቤቱ ዛሬም ሪችፊልድ ነው። በ1994 ደግሞ ሮበርት ስቲቨንስ የሚባል ወጣት ሚኒያፖሊስ ውስጥ በብስክሌት ቤት ለቤት እየዞረ ኮምፒዩተር መጠገን ጀመረ። ጊክ ስኳድ ማለት እሱ ነው፤ ቤስት ባይ በ2002 ገዛው። ቤት ሄዶ መሰካት ዋጋ ያለው ሙያ መሆኑን ለአሜሪካ ያስተማረች ከተማ ውስጥ ነን። ጎበዙ የኛ ልጅም ሙያው ትልቅ ነው፤ ቡና ተፈልቶለት፣ ቁርሱ ቀርቦለት፣ ተመርቆ መሸኘት ይገባዋል።

ይህን ስለው ደስ አለውና «ታዲያ ጊክ ስኳድም ሰክቶ ነው እኮ የሚሄደው!» አለኝ። ጊክ ስኳድን እናትህ አላጠባችውም!

ይልቅ እናትህን ብቻዋን ስትተዋት ማን እንደሚመጣባት ስማ። ሮኩው «አክቲቬት አድርግ» ይላታል። እሷ፣ ወይም እንግሊዝኛ ትንሽ የሚሞክረው ጎረቤቷ፣ ኢንተርኔት ላይ እርዳታ ሲፈልግ የማይታወቅ ስልክ ቁጥር ብቅ ይላል። ትደውላለች። በለሰለሰ ድምፅ «ለማስጀመር ክፍያ አለ» ይሏታል፤ የካርድ ቁጥር ይጠይቋታል፣ አንዳንዴም የስጦታ ካርድ ገዝታ ቁጥሩን እንድታነብላቸው። ሌቦች ናቸው። ሮኩ አካውንት ለመክፈትም ሆነ ዕቃውን ለማስጀመር ሳንቲም አያስከፍልም። በስጦታ ካርድ ክፈሉ የሚል ደግሞ የትም አገር ሐቀኛ ድርጅት የለም። ይህን በየሰንበቴው፣ በየዕድሩ፣ ከቅዳሴ በኋላ ባለው ማስታወቂያ ላይ ንገሩልኝ።

«ፓስወርዱ እኔ ጋ አለ፣ ምን አስጨነቃት?» ታዲያ ቴሌቪዥኑንም አንተ ጋ ውሰደዋ! ፓስወርዱ በእጅ ጽሑፍ፣ በትልልቅ ፊደል፣ እሷ በምታውቀው ደብተር ላይ ይስፈር። ኢሜይሉም የእሷ ይሁን። አንተ ፓስወርድህን በቀየርክ ቁጥር እሷ ከአገሯ የምትባረርበት ምክንያት የለም።

ስለ ኢንተርኔቱ ባጭሩ። ኤችዲኤምአይ ኢንተርኔት አያመጣም፤ ይህን ያልተረዳ ሰው ገመድ ሲቀያይር ይውላል። ለዝቅተኛ ገቢ ቤተሰብ በወር 30 ዶላር ይደጉም የነበረው የፌዴራል ፕሮግራም ጁን 1 ቀን 2024 አብቅቷል፤ ከዚያ ወዲህ ዋይፋያቸውን ዝም ብለው ያቋረጡ ሽማግሌዎች አሉ። «አልሠራ አለኝ» ካሉህ፣ ገመዱን ከመንካትህ በፊት በትሕትና ስለ ኢንተርኔት ሂሳባቸው ጠይቃቸው።

አሁን ደግሞ ጎበዙ ራሱ ብዙ ጊዜ የማያውቀውን ልንገረው፤ ሲኢሲ ይባላል። በኤችዲኤምአዩ ውስጥ አንዱ ዕቃ ሌላውን የሚያዝበት መስመር አለ። ሳምሰንግ «ኤኒኔት ፕላስ» ይለዋል፣ ኤልጂ «ሲምፕሊንክ»፣ ሶኒ «ብራቪያ ሲንክ»። ይህን ከቴሌቪዥኑ ሴቲንግ ውስጥ ክፈተው። ከዚያ ሮኩው ላይ ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ «ኮንትሮል አዘር ዲቫይስስ» ግባና «ዋን ተች ፕሌይ» የሚለውን ምልክት አድርግበት። እናትህ የሮኩውን የቤት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ስትጫን ቴሌቪዥኑ ራሱ ይበራል፣ ራሱ ወደ ሁለት ቁጥር ይሄዳል። ሁለት ሪሞት አንድ ሆነ፣ ኢንፑት የሚባል ጣጣም ቀረ። ቅድም ግድግዳ ላይ ሰካው ያልኩህም ለዚህ ጭምር ነው፤ ስቲኩ ቴሌቪዥኑን የሚቀሰቅሰው እሱ ራሱ ነቅቶ ካደረ ነው።

ከዚያ ቀይ ፕላስተር አምጣ። ከጥፍርህ የማትበልጥ ቁራጭ ቁረጥና የቤት ምልክቷ ቁልፍ ላይ ለጥፍ። ዓይኗ ባያነባት ጣቷ ያገኛታል። ዩቲዩብን ከመጀመሪያው ረድፍ ላይ አውጣው፣ የምትወደውን ቻናልና የደብሯን ገጽ ሰብስክራይብ አድርግላት። ሰዓቱንም አስረዳት፤ አዲስ አበባ እሁድ ንጋት 12 ሰዓት ሲሆን እዚህ በበረዶው ወራት ቅዳሜ ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው፣ በመጋቢት ሰዓቱ ሲቀየር 4 ይሆናል። «እሁድ ጠዋት ከፈትኩት፣ ቅዳሴው አልቋል» የምትለው ቴሌቪዥኑ ስለበደላት አይደለም።

ይህን ሁሉ ሰምቶ ጎበዙ የመጨረሻዋን ጥይት ተኮሰ፦ «ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ አይገባቸውም።»

መልሱን ከእኔ አልሰማም፤ ሶፋው ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ዝም ብለው ከቆዩት አባት እንጂ። «ልጄ፣ እኔ በጃንሆይ ጦር ኤም ዋን ጠመንጃ ዓይኔን ታስሬ ፈትቼ እገጥም ነበር። እዚህም መጥቼ ሃይዌይ ዘጠና አራትን በበረዶ ታክሲ ነድቼበታለሁ። ይቺ እፍኝ ቁልፍ ያላት ዕቃ አልገባ ያለችኝ ሁልጊዜ ከእጄ ላይ ስለምትነጥቀኝ ነው።»

እኔም የምለው ይኸው ነው። ከእጃቸው አትንጠቁ። ሰው የሚማረው ጣቱ ሲነካ ነው፤ በአንተ ጣት እሳቸው አይማሩም። የማይገባው ሽማግሌ አላየሁም፤ ያልታገሠ ልጅ ግን በየቤቱ አለ።

ስለዚህ የመጀመሪያው በረዶ ሳይጥል በፊት፣ በሚቀጥለው እሁድ ወደ እናትህ ቤት ስትሄድ ሁሉንም አጥፋው። ሪሞቷን ስጣትና እጅህን ኪስህ ውስጥ ከተህ ቁጭ በል። ራሷ ታብራው፣ ራሷ ትፈልገው፣ ስትሳሳት ራሷ ትመለስ። ያለ አንተ እጅ ከጥቁር ስክሪን ተነስታ ቅዳሴው ላይ ስትደርስ ያን ጊዜ «ሠርቷል» በል።